የሚያብረቀርቀው ማርሚታ እንዴት እንዳስለፋኝ

ለትንሿ መኪናዬ የመጀመሪያውን ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን፣ የመረጥኩት በዓይኔ ነው። እንደ መስታወት ያበራል። አጠር፣ ወፈር ያለ ነው። ሻጩ "ጫፍ ላይ ስትደርስ ትበራለች" አለኝ። ቃሉን ሳይጨርስ እጄ ኪሴ ገብቷል።

ስለየትኛዋ መኪና እንደማወራ ልናገር። በሬዲዮ የምትነዳ ባጊ፣ ማለትም አፈር ላይ የምትሮጥ መኪና ናት፤ መጠኗ የእውነተኛ መኪና አንድ ስምንተኛ ነው። ሞተሯ ባለሁለት ምት ነው፤ 3.5 ሲሲ ቢሆን ነው። አሜሪካኖቹ በኪዩቢክ ኢንች ለክተው "ነጥብ 21" ይሉታል። ቤንዚን አትጠጣም። የሷ ነዳጅ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ተቀላቅሎ በጋሎን የሚሸጥ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ አንድ የአፈር ትራክ እሄዳለሁ። ባለቤቴ "የሽቦ መኪና ሳትጠግብ ነው ያደግከው" ትለኛለች። አልዋሸችም። ልጅ ሆኜ የነዳኋት የሽቦ መኪና ጎማዋ ከአሮጌ ሸበጥ የተቆረጠ ነበር። ማርሚታ አልነበራትም፤ ድምፁን የማወጣው በአፌ ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አብረቅራቂውን ማርሚታ ገጥሜ ትራክ ላይ ወጣሁ። ቀጥታው መንገድ ላይ ጩኸቷ ጆሮ ይበሳል፤ ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ደስ አለኝ። ከዚያ ኩርባው መጣ። ከኩርባ ስትወጣ ነዳጅ እሰጣታለሁ፤ እሷ ግን እንደታፈነ ሰው ትንተፋተፋለች። አንድ ሁለት ሜትር ተጎትታ ድንገት ትነቃና የኋላ ጎማዋ አፈር ይበትናል። ከኩርባው ቀጥሎ ደግሞ መዝለያ ጉብታ አለ። ጉልበት በሚያስፈልጋት ሰዓት ስላልነቃች፣ ማዶ መድረስ አቅቷት በአፍንጫዋ ተተከለች። ሦስት ጊዜ።

ማርሚታው ላይ መጠርጠር አላሰብኩም። እንዲህ የሚያምር ነገር እንዴት ይጠረጠራል? ካርቡሬተሩን ወነጀልኩ። የነዳጁን መጠን የሚወስነውን መርፌ አንዴ አጠበቅኩ፣ አንዴ አላላሁ። ነዳጁን 20 ከመቶ ናይትሮ ካለው ወደ 30 ከመቶ ቀየርኩ። በአንድ ቀን ሁለት ግሎው ፕለግ አቃጠልኩ። ግሎው ፕለግ ማለት በእኛ የካንዴላን ቦታ የያዘ ነገር ነው፤ ብልጭታ ግን የለውም። ውስጡ ያለችው የፕላቲነም ሽቦ መጀመሪያ በባትሪ ትግላለች፤ ከዚያ በኋላ ሜታኖሉ ራሱ እንደጋለች ያቆያታል።

ትራኩ ላይ አንድ ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ አዛውንት አሉ። ተጣጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሰው ሞተር ድምፅ ያዳምጣሉ። ጠጋ ብለው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። "አንዱን ዙር ስትጨርስ፣ ነዳጁን እስከ ጥግ ከፍተህ የምትሄደው ስንት ሰከንድ ነው?" አላውቅም አልኳቸው። በሰዓት ቆጠርን። ዙሩ 35 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፤ እስከ ጥግ ከፍቼ የምሄደው ከ4 ሰከንድ አይበልጥም። ለ4 ሰከንድ ብዬ 31ዱን ሰጥቼ ነው ማርሚታ የገዛሁት።

"ማርሚታ" የሚለው ቃል ራሱ የጣሊያን ነው። ጋራዥ ውስጥ የምንጠቀምበት ግማሹ ቃል ከዚያው ነው የመጣው፦ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቴስታታ (የሲሊንደሩ ክዳን)፣ ሞላ፣ ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር)። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ጣሊያኖች ስመ ጥሩ ናቸው፤ ኖቫሮሲ የሚባለው ሞተር የሚሠራው ብሬሺያ አጠገብ ነበር። እና የሰፈሬ መካኒኮች ያስተማሩኝ ቃል ሜሪላንድ ውስጥ ሥራ ላይ ዋለ ማለት ነው።

አሁን ማርሚታው ምን እንደሚሠራ ላስረዳ። ብዙ ሰው ድምፅ ለመቀነስ ይመስለዋል። በቤት መኪና ላይ አዎ። በባለሁለት ምት ሞተር ላይ ግን ማርሚታው የሞተሩ አካል ነው። ቫልቭ የለም። ጭሱ የሚወጣበትና አዲሱ ነዳጅ የሚገባበት ቀዳዳ ለጥቂት ጊዜ አብረው ክፍት ናቸው። ስለዚህ አዲሱ ነዳጅ ከጭሱ ጋር ተከትሎ ይወጣል። ማርሚታው የሚያደርገው ይህን ነው፦ ቀዳዳው ሲከፈት የግፊት ሞገድ ይነሳል። ቱቦው እየሰፋ በሚሄድበት ክፍል ላይ ሞገዱ ሲያልፍ መሳብ ይፈጥራል፤ ጭሱን ይጎትታል። ቱቦው መልሶ ሲጠብ ደግሞ ሞገዱ ነጥሮ ይመለሳል፤ ሊያመልጥ የነበረውን አዲስ ነዳጅ ገፍቶ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባዋል። ያኔ ቀዳዳው ይዘጋል። በር ላይ ቆሞ እንግዳ "ተመለስ፣ ሳትበላማ አትሄድም" እንደሚል ሰው በለው።

ጉዳዩ ሰዓቱ ነው። ሞገዱ ቀድሞ ከመጣ ወይም ከዘገየ ምንም አልጠቀመም። ይህን በእጄ አስልቼ ሳየው ነው የገባኝ። ሞተሩ በደቂቃ 30,000 ጊዜ ይዞራል እንበል። አንዱ ዙር የሰከንድ 500ኛ ነው። የጭስ ቀዳዳው የዙሩን ግማሽ ያህል ክፍት ነው፤ ማለትም የሰከንድ 1,000ኛ። በጋለ ጭስ ውስጥ ሞገድ በሰከንድ 500 ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሰከንድ 1,000ኛ ውስጥ 50 ሳንቲሜትር ሄደ ማለት ነው፤ 25 ለመሄድ፣ 25 ለመመለስ። አሁን ሞተሩ 36,000 ይዙር። ሞገዱ ያለው ጊዜ ስላጠረ መንገዱም ወደ 21 ሳንቲሜትር ይወርዳል። የማርሚታው ሾጣጣ ሞገዱን የሚመልሰው በአንድ ነጥብ ስላልሆነ ቁጥሩ ልክ አይመጣም። አቅጣጫው ግን ግልጽ ነው። ቱቦ ሲያጥር ጉልበቱ ወደ ላይኛው ዙር ይሸሻል፤ ሲረዝም ወደ ታች ይወርዳል። አንድ ሳንቲሜትር ከ1,000 ዙር በላይ ያናውጣል!

ይህ ርዝመት የሚለካው ከፒስቶኑ ጀምሮ ነው። ማርሚታውን ከሞተሩ የሚያገናኘው ማኒፎልድ አብሮ ይቆጠራል። እኔ ይህን ባውቅ ኖሮ መጀመሪያ ማኒፎልድ ብቻ እቀይር ነበር። አዛውንቱ ከሣጥናቸው ረዘም ያለ ማኒፎልድ አውጥተው አዋሱኝ። ያው ማርሚታ፣ ያው ነዳጅ፣ ያው መርፌ። ከኩርባ ስትወጣ መንተፋተፏ በግማሽ ቀነሰ። በኋላ ማርሚታውንም ቀስ እያለ በሚሰፋና በሚጠብ ቀየርኩት። ሾጣጣው በድንገት የሚሰፋና የሚጠብ ከሆነ ጉልበቱ ይበረታል፣ ግን በጠባብ ቦታ ብቻ ነው የሚገኘው። ለስለስ ያለው ጫፉ ላይ ትንሽ ያጎድላል፤ በምትኩ ነዳጅ በሰጠሃት ቁጥር ትታዘዛለች። አፈር ላይ ለሚነዳ ሰው ሁለተኛውን ነው የምመክረው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ማርሚታው ቀዝቃዛ ከሆነ ሞገዱም ይዘገያል። ገና ሲነሳ ሞተሩ ሰነፍ ሆኖ፣ ሁለት ዙር ከሄደ በኋላ ድምፁ የሚለወጠው አንዱ ለዚህ ነው። ሳይሞቅ መርፌ መነካካት የኔ በሽታ ነበር። በጥቅምት ጠዋት ያስተካከልኩትን ከሰዓት በኋላ አበላሸዋለሁ።

አዲሱ ማርሚታ ጥቂት ሳምንት አስደሰተኝ። ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። በጨረር የሚለካውን ቴርሞሜትር ቴስታታው ላይ ሳነጣጥር መጀመሪያ 230 ፋራናይት ይላል። ደህና ነው። ከሁለት ዙር በኋላ 270። መርፌውን ላላ ሳደርግ ወደ 210 ይወርድና ያጨሳል። ሚኒሞውም አልረጋ አለ፤ እቆማለሁ፣ ሞተሩ እየጮኸ ይቆያል። ነዳጅ እያነሰው ነው። የካርቡሬተሩን ኦሪንግ፣ ማለትም አየር እንዳይገባ የሚዘጋውን የላስቲክ ቀለበት፣ ቀየርኩ። የነዳጅ ማጣሪያ ቀየርኩ። የኋላ ክዳን ፈትቼ ገጠምኩ። ነዳጅ ታንከሩንም በአዲስ ለወጥኩ፤ ክዳኑ አልገጥም ብሎ ይሆናል ብዬ።

አንድ ማታ አዲስ አበባ ለሚኖረው ወንድሜ ስልክ ደወልኩ። ጋራዥ ነው ያደገው። ነገሩን ሰማና "አንተ፣ ጎሚስታ ቤት ሄደህ አታውቅም?" አለኝ። ስልኩን ሳልዘጋው ገባኝ። ጎሚስታ የጎማውን የውስጥ ላስቲክ ነፍቶ ውሃ ውስጥ ነው የሚነክረው።

ማርሚታውን ከነማኒፎልዱ ፈታሁ። የወጥ ቤቱን ገንዳ በውሃ ሞላሁ። አንዱን አፍ በጨርቅ በተጠቀለለ ቡሽ፣ ሌላውን በአውራ ጣቴ ዘጋሁ። ማርሚታው ላይ ወደ ነዳጅ ታንከር የምትሄድ ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ አለች፤ በእሷ ነፋሁ። መጀመሪያ ምንም። ባለቤቴ ከኋላዬ "ሳህን የምናጥብበት ነው እኮ!" ትላለች። ጠንከር አድርጌ ነፋሁ። ቱቦዋ የምትገጠምበት የናስ ጡት ሥር፣ ከጤፍ ፍሬ የማትበልጥ አረፋ ብቅ አለች። ጠፋች። ሌላዋ ብቅ አለች።

ለዚህ ነው የለፋሁት። ያቺ ቱቦ የማርሚታውን ግፊት ወደ ታንከሩ ወስዳ ነዳጁን ትገፋለች። ግፊቱ ሲያመልጥ ነዳጁ ይቀንሳል፤ ሞተሩም ይግላል። ብረቱ ሲግልና ሲንቀጠቀጥ ቀዳዳው ስለሚሰፋ፣ ጋራዥ ውስጥ ደህና ሆና ትራክ ላይ ታብዳለች። ከናሱ ሥር ያለችው ቀለበት ተሰንጥቃለች። በአንድ ዶላር ከምናምን ቀየርኳት። ከዚያ በፊት ያወጣሁትን አልደመርኩም፤ ባለቤቴም ይህን እንዳታነብ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ማርሚታ ስገዛ መጀመሪያ የማየው መጋጠሚያዎቹን ነው። በኔ ባጊ ማርሚታው ማኒፎልዱ ላይ በኦሪንግ ይገባል፤ ማኒፎልዱን ሞተሩ ላይ የሚይዘው ሞላ ነው። ሞላው በሙቀት ይደክማል። መለዋወጫ ሁለት ሁልጊዜ ኪሴ አለ፤ ሣር ውስጥ የወደቀ ሞላ ፈልጎ ያገኘ ሰው አላየሁም። በትንንሾቹ መኪኖች ማርሚታና ማኒፎልዱ በሲሊኮን እጅጌ ነው የሚያያዙት። እዚያ ላይ ሁለቱ ብረቶች እጅጌው ውስጥ ተነካክተው መቀመጥ አለባቸው። ክፍተት ከተውክ የጋለው ጭስ ሲሊኮኑን ይበሳዋል።

ከመግዛት በፊት ሞተሩን ገልብጦ ማየትም ያስፈልጋል። እኔ አንዴ በርካሽ አገኘሁ ብዬ ጭሱ በጎን ለሚወጣ ሞተር የተሠራ ማኒፎልድ አዘዝኩ። የኔው በኋላ ነው የሚያወጣው። እቃው ሲመጣ እንደ ቀንድ ወደ ውጭ ሄደ። ግሎው ፕለግም እንደዚያው ሁለት ዓይነት ነው፤ ተራውና ሾጣጣ መቀመጫ ያለው፣ ተርቦ የሚባለው። ቴስታታው ለአንዱ ከተሠራ ሌላውን አይቀበልም።

ጀርመን የሚኖረው የባለቤቴ ወንድም የኔን ነዳጅ ሲሰማ ይስቃል። በአውሮፓ ኅብረት ከ2021 ጀምሮ ተራ ሰው ያለ ፈቃድ ከ16 ከመቶ በላይ ናይትሮሜቴን ያለው ነዳጅ መግዛት አይችልም፤ ከፈንጂ መሥሪያ ቁሶች ጋር ነው የተመደበው። እሱ የሚወዳደርበት ክለብ ማርሚታው ላይ የኤፍራ፣ ማለትም የአውሮፓው የሬዲዮ መኪኖች ፌዴሬሽን ቁጥር ካልተቀረጸበት አያስገባም። ለጩኸቱ ነው። እኔ አሁን ወደ 20 ከመቶው ተመልሻለሁ። 30 ስጠቀም ከቴስታታው ሥር 0.1 ሚሊሜትር ቀለበት ጨምሬ ፒስቶኑ ነዳጁን የሚጨምቅበትን ኃይል መቀነስ ነበረብኝ። አልጨመርኩም። ሁለቱ ግሎው ፕለጎች በዚያ ሳይሄዱ አይቀሩም።

አብረቅራቂው ማርሚታ አሁንም አለ፤ አልሸጥኩትም። ባለፈው እሑድ ከነአጭሩ ማኒፎልዱ መልሼ ገጠምኩትና ባዶ የመኪና ማቆሚያ ይዤው ሄድኩ። ኩርባ የለ፣ ጉብታ የለ። ከጥግ እስከ ጥግ ለቀቅኳት። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እውነትም በረረች። ጥበቃው እየሮጠ መጥቶ እስኪያስቆመኝ ድረስ።