ቅርንፉዱ ያልወጣለት ኮክ

የምሠራው ሱሉልታ መንገድ ላይ ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ነው። ሥራዬ ስቶር ነው። ምጣድም ድስትም አልነካም፤ ግን ወጥ ቤት የሚገባው ሁሉ በእጄ ያልፋል፤ ወረቀቱም እኔ ጋ ይቀራል። የዚያን ቀን ያ ወረቀት ባይኖር ኖሮ አንድ ልጅ ያለ ጥፋቱ ሥራ ያጣ ነበር።

ልጁ ከምግብ ዝግጅት ትምህርት ከወጣ ገና ነው። ፈጣን ነው፣ ትሁት ነው፣ ስልኩን ከእጁ አይለይም። ጊዜው መስከረም፣ ቀኑ ረቡዕ። ቤቱ በስብሰባ እንግዶች ሞልቷል። ጾም ስለሆነ ኬክም ክሬምም የለም፤ ከምሳ በኋላ በቅመም የበሰለ ፍራፍሬ እንዲቀርብ ተወሰነ።

አሠራሩን ያገኘው ከስልኩ ነው። ፈረንጆቹ ጋ ከመስከረም እስከ ኅዳር አፕልና ፒር የሚለቀምበት ወቅት ነው። ብርዱም ይጀምራቸዋል። ስለዚህ ፍራፍሬውን በቀረፋ፣ በቅርንፉድ፣ በገውዝና በዝንጅብል ያበስሉታል። ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ የቅመም ሻያችን የሚሸተው ያንኑ ነው። ልዩነቱ፣ እኛ ጋ በዚያ ሰሞን ገበያ ላይ የነበረው የክረምቱ ኮክ ማለቂያ ነው። ትንንሽ፣ አረንጓዴ፣ ጥርስ የሚፈትን። ልጁ ፒሩን በኮክ ተካው። እሱም ቢሆን ጥሩ ሐሳብ ነው።

ምሳው ሊወጣ ሲል ከወጥ ቤት ጩኸት ሰማሁ። አስተናጋጇ ቀምሳ «ምላሴ ደነዘዘ፣ ጥርስ ሐኪም ጋ የሄድኩ መሰለኝ» ትላለች። ሽሮፑ ጠቁሯል። ከጭልፋው ላይ እየተሳበ ይወርዳል፣ ዝልግልግ ብሏል። ሥራ አስኪያጁ ደርሶ «ቅመም እንደ ሽሮ ዱቄት ይበተናል እንዴ?» ብሎ ልጁ ላይ ወረደበት። ልጁ አንገቱን ደፋ። አንድ ቃል አልመለሰም። (ይሄ ነገር ያናድደኛል። አዲስ ሠራተኛ ሲቆጡት ዝም ካለ ጥፋቱን እንዳመነ ይቆጠርበታል።)

ከስቶር ዕቃ የሚወጣበትን መጠየቂያ ወረቀት ይዤ ገባሁ። ለ4 ኪሎ ኮክ የወጣው ቅርንፉድ 12 ፍሬ ነው። ልጁ ስቶር ድረስ መጥቶ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲወስድ ስቄበት ነበር፤ ቅርንፉድ ቆጥሮ የሚወስድ ሰው አላየሁማ። ለአንድ ኪሎ ሦስት ፍሬ ማለት ነው። ማንም «በዛ» ሊለው አይችልም።

ያኔ ማዘር ጣልቃ ገቡ። ዋና አብሳያችን ናቸው፤ ሁላችንም ማዘር ነው የምንላቸው። በማንኪያ ጫፍ ቀመሱና «ስንት ሰዓት ነው የጣድከው፣ የኔ ልጅ?» አሉት። «ሃያ ደቂቃ ነበር የሚለው፤ አልበስል ሲለኝ ከሰዓት በላይ ቆየ» አላቸው።

«የዚህ አገር ውሃ ይፈላል እንጂ አያበስልም» አሉ ማዘር።

ልክ ናቸው። ሱሉልታ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል፣ እዚህ ግን 91 ወይም 92 ላይ ነው የሚንተከተከው። ከዚያ በኋላ እሳት ቢጨመርበት መትነኑ እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ባቄላ የቀቀለ ሁሉ ያውቀዋል። ሃያ ደቂቃው የተጻፈው ለለስላሳ ፒርና ለቆላ እሳት ነው። ኮኩ ሳይበስል ሲቆይ ቅርንፉዱም አብሮ ቆየ። ቅርንፉድ ውስጥ ያለው ዘይት ደግሞ ጥርስ ሐኪሞች ለማደንዘዣ የሚጠቀሙበት ነው፤ በቆየ ቁጥር እየወጣ ይመርራል። ዝልግልጉ የመጣው ከቀረፋው ነው። ልጁ የተፈጨውን ነበር የጨመረው። የቀረፋ ዱቄት ፈሳሽ ውስጥ ብዙ ሲፈላ እንደዚያ ያደርጋል።

ማዘር ጊዜ አላጠፉም። ኮኩን በወንፊት አወጡት፤ ለብ ባለ ውሃ አለፍ አደረጉት። ከስቶር አፕል አስወጡኝና ያለ ምንም ቅመም በስኳር ቀቅለው ከኮኩ ጋር ቀላቀሉት። አንድ ሎሚ ጨመቁበት። ጥቁሩ ሽሮፕ አልተደፋም፤ ተጠልሎ በጠርሙስ ተቀመጠና በማግስቱ ጠዋት ሻይ ላይ በማንኪያ ጠብ ተደረገ። በዚያ ብርድ እንግዶቹ ሻዩን ደጋግመው ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ አልጠየቀም፤ ሻዩን ግን ጠጣ።

አሁን አሠራሩ ተለውጧል። ፍራፍሬው መጀመሪያ ያለ ቅርንፉድና ያለ ቀረፋ ይቀቀላል። ቅርንፉዱና ያልተፈጨ ቀረፋ በስስ ነጭ ጨርቅ ይታሰራሉ፤ የሚገቡትም ኮኩ ሹካ ሲቀበል ነው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ጨርቁ ይወጣል። ቀረፋው ቢቆይ ችግር የለውም፣ ቅርንፉዱ ግን ማደር የለበትም። ገውዝ ከእሳት ከወረደ በኋላ ጥቂት ይፋቅበታል፤ ከፈላ ሽታው ይጠፋል። ዝንጅብሉ ተቆራርጦ ከመጀመሪያው ከኮኩ ጋር ቢገባ ነው የሚሻለው፤ የኮኩን ኮምጣጣነት የሚችለው እሱ ነው።

የማንስማማው በኮረሪማ ላይ ነው። ልጁ «አፕል ከቀረፋ ሌላ አይፈልግም» ይላል። ማዘር ፍሬውን ወቀጥ አድርገው ከእሳት ሲወርድ ሁሉም ላይ ይበትኑታል። እኔ ኮክ ላይ እወደዋለሁ፤ አፕል ላይ ግን አፕሉን ይሸፍነዋል ባይ ነኝ። ማንም አልሰማኝም። ኮረሪማው ካሰብኩት ቀድሞ እያለቀብኝ ነው፤ መጠየቂያው ላይ የሚፈርመው ደግሞ አሁን ልጁ ራሱ ነው።