ለአፈር ሜዳ የሚሆን አውሮፕላን ስንገዛ

ቀላል የወታደር ማጓጓዣ አውሮፕላን ለመግዛት የቴክኒክ ኮሚቴ ውስጥ ስመደብ ጠረጴዛዬ ላይ የተቆለለው የሻጮች ብሮሸር ነበር። ወደ ጎን ገፋ አድርጌው ሜዳዎቹን ለማየት ወጣሁ።

የአፈር ማኮብኮቢያዎቹን በፒክአፕ ዞርናቸው። ሾፌሩ ከጫፍ ጫፍ በፍጥነት ሲነዳ እኔ ኋላ ተቀምጬ ወገቤ እስኪላቀቅ እናጣለሁ፤ መኪናው የዘለለበትን ቦታ ሁሉ በኖራ ምልክት አደረግንበት። በበጋ ድንጋይ የሚመስለው ዋልካ ሐምሌ ላይ ጎማ ይውጣል። ውሃ የት እንደሚተኛ ማወቅ የፈለገ እረኞቹን ይጠይቅ፤ ከመሐንዲስ በላይ ያውቁታል።

ከዚያ ስሌቱ መጣ። ብሮሸር ላይ የሚጻፈው የመነሻ ርቀት አብዛኛውን ጊዜ በባሕር ጠለል፣ በ15 ዲግሪ ሙቀት የተሰላ ነው። 2,000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ሜዳ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ ሲገባ ግን አየሩ ስለሚሳሳ አውሮፕላኑ 3,000 ሜትር ላይ ያለ ያህል ነው የሚቸገረው። ሞተሩም ክንፉም ይደክማል። ስለዚህ ሁሉንም ሻጭ አንድ ነገር ጠየቅን፦ በዚህ ከፍታ፣ በዚህ ሙቀት፣ ከአፈር ተነስቶ፣ የመመለሻ ነዳጁን ይዞ ስንት ኪሎ ይጭናል? አንዱ የአስፋልት ቁጥር ላከልን። ጉድ እኮ ነው!

ከቀረቡልን አውሮፕላኖች ባለ ሁለት ሞተሩ ትዊን ኦተር የታወቀ ነው፤ 19 ሰው ይይዛል፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድም በዘመኑ አብርሮታል። ሞተሩ ብዙ ትናንሽ አውሮፕላኖች የሚጠቀሙበት ፒቲ6 ስለሆነ መካኒክም መለዋወጫም አይጠፋለትም። ችግሩ በሩ ነው፤ በጎን ስለሆነ የነዳጅ በርሜል ሲጫን ያንገላታል። ሲ-212 የሚባለው አውሮፕላን እና የፖላንዱ ኤም28 ከኋላ ስለሚከፈቱ ለጭነት ልዩነታቸው ሰማይና ምድር ነው። ካራቫን የሚባለው አውሮፕላን ይረክሳል፣ ግን ባለ አንድ ሞተር ነው፤ ገደል ለገደል በሚበረርበት አገር ወታደር ጭኜ አልልከውም። ብዙ አብራሪዎች በዚህ አይስማሙኝም፣ ይሁን።

ያገለገለ ሲቀርብላችሁ በቀለሙ አትሸወዱ። አንዱን አብረቅርቀው አቀረቡልን፤ ጣቴን በፕሮፔለሩ ጠርዝ ላይ ሳሳልፍ ተደጋግሞ የተሞረደበት ቦታ እጄ ላይ ታወቀኝ። ጠጠር ሲመታው ይሞረዳል፣ ሲሞረድ ይሳሳል፣ ከተፈቀደው ልክ ካነሰ ይጣላል፤ አዲሱ ደግሞ ውድ ነው። ሆዱ ስር ተኝቼ ሳይ ከፊት ጎማው ኋላ አዲስ ቀለም የተቀባ ጥጋኝ አገኘሁ። ያኔውኑ ከዝርዝሩ አወጣነው።

በጀቱን በሙሉ አውሮፕላኑ ላይ አታፍስሱት። ጎማ፣ ፍሬን፣ ትርፍ ፕሮፔለር፣ የመካኒክ ሥልጠና፣ ይህ ሁሉ በዋናው ውል ውስጥ ካልገባ በኋላ በሌላ ጨረታ ሲጠበቅ አውሮፕላኑ ሃንጋር ውስጥ አቧራ ይጠጣል። እኛ ርክክቡም በራሳችን ሜዳ፣ በቀትር፣ ከነሙሉ ጭነቱ ይሁን የሚል አንቀጽ አስገባን። ሻጩ አስፋልት ላይ ይሁን ብሎ ሲሟገት ከረመ። በመጨረሻ ዋጋው ላይ ትንሽ ጨምሮ ፈረመ።