የዘጌን ታሪክ እንዴት እንደጠየቅሁ

ዘጌ የእናቴ አገር ነው። ከባሕር ዳር በጀልባ አንድ ሰዓት ግድም የሚያስኬድ፣ ጣና ውስጥ ዘልቆ የገባ ባሕረ ገብ መሬት። እንግዳ የሚያውቀው ዑራ ኪዳነ ምሕረትንና አዝዋ ማርያምን ነው። ሥዕሉን ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ይመለሳል። እኔ የፈለግሁት መንደሩን ነበር። እዚያ ደን ውስጥ ሰው ምን እየበላ፣ ምን እየሠራ ኖረ?

ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብላችሁ "የአገሩን ታሪክ ይንገሩኝ" ካላችሁ የሚነገራችሁ የአቡነ በትረ ማርያም ነገር ነው። ጻድቁ በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ተከሉት፤ አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆነ። ቃል ኪዳን ሰጡ፤ መሬቱ አይታረስ፣ ከብት አይግባ፣ ዛፍ አይቆረጥ። ይህን አቅልላችሁ እንዳታዩት። ዘጌ እስከ ዛሬ ደን ሆኖ የቆየው ሰው ይህን ቃል ስለሚያከብር ነው። ግን ሁሉም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፣ በዚያው ቃል። ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ይቆማል።

ስለዚህ ታሪክ መጠየቁን ትቼ ሥራ መጠየቅ ያዝኩ። ያኔ ሁሉም ነገር ተከፈተ። የእናቴ አክስት ጀንፈል (ገና ያልተፈለፈለ ደረቅ ቡና) እየለቀሙ ነበር፤ እኔም ሰፌዱን ተቀብዬ አብሬ ለቀምኩ። "እትዬ፣ ማረስ ክልክል ከሆነ ጤፉ ከየት ይመጣ ነበር?" አልኳቸው።

"በታንኳ ነዋ ልጄ! ቡና ይሄዳል፣ እህል ይመጣል።"

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው። ታንኳው የደንገል፣ ሐይቁ ዳር የሚበቅለው ረጅም ቄጠማ፣ ስለሆነ ውኃ ከሥር ይሰርገዋል። ለዚህም ውስጡ ሌላ ደንገል ይነጠፍና ጆንያው ከዚያ በላይ ይቀመጣል። ጉዞው ሲያልቅ ታንኳው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ደህና የሚባለውም ቢሆን ወራት እንጂ ዓመታት አይዘልቅም። እጃቸውን እያወናጨፉ ጆንያው እንዴት እንደሚደላደል አሳዩኝ። ይህን በየትኛውም ገድል ውስጥ አላገኘውም ነበር።

ከባዱ ጥያቄ "ቡናውን ማን ነበር የሚለቅመው?" የሚለው ነው። በዘጌ የቡና መሬት ላይ ባሮች ይሠሩ ነበር። ባርነት በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ቢሻርም ትዝታው አልተሻረም፤ ማን የማን ዘር ነው የሚለው ነገር ዛሬም ጋብቻ ላይ ይነሳል። ድምፃቸውን በስልክ እየቀዳሁ ሳለ አንድ አባት እዚህ ላይ ሲደርሱ "ስልኩን ዝጋው" አሉኝ። ዘጋሁት። ቤት ስገባም ስም ሳልጠራ ነገሩን ብቻ ጻፍኩ። እንዲህ ያለ ሥራ የምትጀምሩ ከሆነ ይህን አጥብቄ እመክራለሁ፤ የቤተሰብ ስም አትጠይቁ፣ ሥራውን ጠይቁ። የዘጌን ደን ጻድቁ ባረኩት እንላለን፣ እኔም አምናለሁ። ያለሙት እጆች ግን የእነዚያም ሰዎች ነበሩ። ይህን ሳይዙ የዘጌን ታሪክ ጻፍኩ ማለት አይቻልም።

ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ የሄድኩት መጨረሻ ላይ ነው። ዑራ በትውፊት የ14ኛው ክፍለ ዘመን ደብር ነው። የመቅደሱን ግድግዳ ከሸፈኑት ሥዕሎች አብዛኞቹ ግን የ18ኛውና የ19ኛው ክፍለ ዘመን ናቸው፤ ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳው ላይ የተለጠፉ። ሁለቱን ዘመን ለየብቻ መዝግቡ። ሥዕሉንም ስታዩ ቅዱሳኑን ብቻ አትዩ፤ ልብሱን፣ ጦር መሣሪያውን፣ ኮርቻውን እዩ። ሠዓሊው የሣለው በዘመኑ ያየውን ነው። ፍላሽ አታብሩ፤ ቀለሙ ይጎዳል።

የቀዳሁትን ድምፅ ለቤተሰቡ መልሼ ማሰማቴ ከሁሉም በላይ ጠቀመኝ። ቡና ተፈልቶ፣ ሁሉም ተሰብስቦ ሲያዳምጥ ክርክር ተነሳ። ታንኳው የሚቆምበት ቦታ የተባለው እዚያ አልነበረም ብሎ አጎቴ ድርቅ አለ። ክርክሩንም ቀዳሁት። በማግሥቱ ጠዋት አጎቴ ቦታውን ሊያሳየኝ ይዞኝ ወረደ።