የዉድፎርድ የምርጫ ክልልና የቤት ውስጥ ፍልሚያዎቹ

በሰሜን ምሥራቅ ለንደን ወደምትገኘው ዉድፎርድ ግሪን የሄድኩት የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩትን የእንግሊዛዊቷን ታጋይ የሲልቪያ ፓንክኸርስትን ሰፈር ለማየት ነበር፤ ቀድሞ የተቀበለኝ ግን አካባቢውን በፓርላማ ለአርባ ዓመት የወከሉት የዊንስተን ቸርችል ሐውልት ነው። ከዚያ ወዲህ የምርጫ ክልሉን ታሪክ ሳገላብጥ፣ የወግ አጥባቂዎች ርስት ነው በሚባለው በዚህ ስፍራ ብርቱው ፍልሚያ በገዛ ፓርቲ ቤት ውስጥ መሆኑ ይገርመኛል።

ቸርችል በ1924 (ዘመኑ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) እዚህ ሲወዳደሩ ክልሉ ኤፒንግ ይባል ነበር። ከሊበራሎች ተለይተው ወደ ቀድሞ ፓርቲያቸው በመመለስ ላይ ስለነበሩ «ሕገ መንግሥታዊ» የሚል መጠሪያ ይዘው፣ በወግ አጥባቂዎች ድጋፍ አሸነፉ። በ1938 የቼኮስሎቫኪያን ግዛት ቆርሶ ለሂትለር የሰጠውን የሙኒክን ስምምነት በምክር ቤቱ አምርረው ሲያወግዙ ግን የአካባቢው የፓርቲ አባላት ተቆጡ፤ በሌላ ዕጩ ሊተኳቸው የሚሹም ተነሡ። በኖቬምበር በተደረገው ስብሰባ ቸርችል የተረፉት በ100 ለ44 ድምፅ ነው። ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት እኒሁ ሰው ናቸው።

በዚያው ዘመን፣ በዚያው ክልል፣ ሲልቪያ የማንንም ፓርቲ ደጅ ሳይጠኑ የራሳቸውን ትግል ይዘው ነበር። የፋሽስት ጦር አዲስ አበባ በገባበት ዕለት፣ ሜይ 5 ቀን 1936፣ «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣቸውን ማውጣት ጀመሩ። ያሠሩት የድንጋይ ቦምብ ጅራቱን ሽቅብ አድርጎ ዛሬም በዋናው መንገድ ዳር ቆሟል። ጽሑፉ በ1932 በአውሮፕላን ቦምብ የመጣል መብት እንዲጠበቅ ለተሟገቱት መታሰቢያ ነው ይላል፤ ቅኔ ለለመደ ሰው ወርቁ ወዲያው ይገለጥለታል።

ኤፒንግ ሕዝቡ ስለበዛ በ1945 ሲከፈል ቸርችል ዉድፎርድ ወደተባለው አዲስ ክልል ተሻገሩ። የሠራተኛው ፓርቲ ሌበርና ሊበራሎች ዕጩ አላቀረቡባቸውም፤ እንዲያም ሆኖ አንድ እምብዛም የማይታወቅ የግል ተወዳዳሪ ከ10,000 በላይ ድምፅ ሲያገኝ፣ በቀረው ኤፒንግ የሌበሯ ሊያ ማኒንግ አሸነፉ።

ከዚያ በኋላ ወሰኑ ደጋግሞ ተቀይሯል፤ ከ1997 ጀምሮ ዉድፎርድ ግሪን ከቺንግፎርድ ጋር ተጣምሮ የወግ አጥባቂዎቹን ኢየን ደንከን ስሚዝን ሲመርጥ ኖሯል። በ2019 ሌበር በ1,262 ድምፅ ልዩነት ብቻ ተሸንፎ ስለነበር፣ በ2024 መቀመጫው እጁ እንደገባ የቆጠሩ ነበሩ። ሆኖም ፓርቲው ምርጫው ሳምንታት ሲቀሩት ዕጩውን ፋይዛ ሻሂንን አንሥቶ ሌላ ሰው ተካ፤ ሻሂንም በግል ተወዳደሩ። የሌበሯ ተተኪ 12,524፣ ሻሂን ደግሞ 12,445 ድምፅ ሲያገኙ፣ ደንከን ስሚዝ በ17,281 ድምፅ ወንበራቸውን ይዘው ቀሩ።