የአክስቴ ሞርፊን
አክስቴ የጡት ካንሰሯ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ታድር ነበር፣ ሐኪሙ ሞርፊን የሚባለውን ጠንካራ የህመም ማስታገሻ፣ የሚጠጣውን፣ ሲያዝላት ግን ቤተሰቡ ሁሉ "ሱስ ያስይዛታል" ብሎ ደነገጠ፣ እኔም ጭምር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ጠርሙሱ ሳይከፈት ተቀመጠ። አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እኮ ለካንሰር ህመም በ1986 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የመከረው መድኃኒት ነው። በኋላ ነርሷ ቁጭ አድርጋ አስረዳችን፣ በየ4 ሰዓቱ ነው የሚሰጠው፣ ህመሙ እስኪመለስ አይጠበቅም፣ ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዛል፣ ከእንቅልፍ ኪኒንና ከአልኮል ጋር ግን በፍፁም፣ ትንፋሽ ያዘገያል። ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፍንበት፣ ልጆች አሉ። ትራማዶል ከጎረቤት ተቀብላችሁ የምትውጡም እባካችሁ ተዉ፣ እሱም የዚሁ ዘር ነው፣ ሲበዛ ያንቀጠቅጣል። አክስቴ በሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ወስዷት አደረ፣ ጠዋት "ቡና አፍሉልኝ" አለች።