የማዳም ዓረብኛ

ዓረብኛ ባስተረጎምኩበት በመጀመሪያው ቀን ጺሙ ደረቱ ላይ የደረሰ ሰውዬ መስኮቱ ጋ መጣ። ብርድ ልብሱን ሰጠሁትና "ሩሂ" አልኩት። ሰልፉ በሳቅ ተንከተከተ። ለካ "ሂጂ" ነው ያልኩት። ደንግጬ ከኋላው ያለውን "ታዒ" ብዬ ጠራሁት። "ነይ" ማለት ነው። ያኛው ደግሞ ቁምሳጥን የሚያክል ጎረምሳ ነበር።

ጥፋቱ የኔ ብቻ አይደለም። ቤይሩት 6 ዓመት ስሠራ ዓረብኛ ያስተማረችኝ ማዳም ናት። ማዳም ደግሞ የምታዘው እኔን ነው። ጂቢ፣ ሩሂ፣ ታዒ፣ ሹፊ። አምጪ፣ ሂጂ፣ ነይ፣ እዪ። "አንተ" የሚለውን ከየት ላምጣው? ዓረብ አገር የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፣ የኛ ዓረብኛ ወንድ የለውም።

ቦታው ሌስቦስ ነው፣ የግሪክ ደሴት፣ ሞሪያ የስደተኞች ካምፕ። ጊዜው በአውሮፓውያን 2020 ጥር። ከቤይሩት አቴንስ እንዴት እንደደረስኩ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፣ ወይም አልጽፍም። የእርዳታ ድርጅቱ የቀጠረኝ ለአማርኛ አስተርጓሚነት ነበር። አማርኛ የሚናገር ሰው ደግሞ ብዙ አልነበረም። ሶሪያ፣ አፍጋኒስታን፣ ኮንጎ፣ ሶማሊያ ነው ካምፑን የሞላው። እናም አብዛኛውን ቀን መጋዘን ውስጥ ካርቶን እቆጥራለሁ። አንድ ማክሰኞ የዓረብኛው አስተርጓሚ ታመመ። አለቃዬ "አንቺ ዓረብኛ ትችያለሽ አይደል?" አለኝ። "እችላለሁ" አልኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ።

አለቃዬ ለሁለት ወር የመጣ ልጅ ነው። ክፉ አልነበረም። ኢሜይል ይወዳል።

ካምፑ የተሠራው ለ3,000 ሰው ያህል ነው። በዚያ ወር ከ19,000 በላይ ይኖርበት ነበር። አጥሩ ውስጥ ስለማይበቃ ሰዉ ወደ ወይራው ተራራ ወጥቶ ድንኳኑን ተከለ። ያንን "ጀንግል" ነበር የምንለው። ቱርክ ከማዶ ትታያለች። በማርች 2016 የአውሮፓ ኅብረትና ቱርክ ከተስማሙ ወዲህ በባሕር የመጣ ሰው ጉዳዩ እስኪታይ ደሴቱ ላይ ይቆይ ነበር። መታወቂያው ላይ ቀይ ማህተም ነበር፤ ቀዩ ሰማያዊ ካልሆነለት መርከብ አይሳፈርም ነበር። ለቁርስ የተሰለፈ ሰው ዳቦውን ጨርሶ ሳይውጥ ለምሳ ይሰለፋል። ክረምቱ ዝናብ ነው፣ ተራራው ሸክላ አፈር።

ማታ ማታ ወይራ ይነዳል። ሰዉ ምን ያድርግ፣ ብርድ ነው። የመሬቱ ባለቤቶች ጠዋት መጥተው የተቆረጠውን ግንድ እያዩ ያለቅሱ ነበር። እኔ ግን ጭሱ ሲሸተኝ የማስበው የእናቴን የወተት ዕቃ ነው። እሷም በወይራ ነበር የምታጥነው። እንዲህ ያለ ቦታ ቆሞ አገር ቤት መናፈቅ ያሳፍራል፣ ግን ይናፍቃል።

ወደ ማክሰኞዋ ልመለስ።

አንዲት ሴትዮ መጣች። ከሶሪያዋ ዴር ኤዞር ናት፣ ሃምሳ ሳይሞላት አይቀርም። "ኻልቶ" እያልኩ ነበር የምጠራት፣ አክስቴ እንደማለት ነው። እግሯን አየሁት። ሁለቱንም በፌስታል ጠቅልላ ነው ጫማ ውስጥ የከተተችው፣ የፌስታሉ ጆሮ በቁርጭምጭሚቷ ዙሪያ ታስሯል። ቲኬቷ አምስት ነፍስ ይላል። አምስት ብርድ ልብስ፣ አንድ ሸራ። ተቀበለች። ከዚያ አልሄደችም።

"ቢንቲ" አለችኝ፣ ልጄ። ቀጥላ ረጅም ነገር ተናገረች። የዴር ኤዞር ዓረብኛ የቤይሩቱን አይመስልም፣ ከሁሉም የያዝኩት አንዲት ቃል ነው። ኸሸብ። እንጨት።

ለአለቃዬ "እንጨት ትፈልጋለች" አልኩት።

ፊቱ ተለወጠ። ሴፕቴምበር መጨረሻ ላይ ካምፑ ውስጥ እሳት ተነስቶ ሰው ሞቶ ነበር። የእሳት ነገር ሲነሳ ሁላችንም እንደነግጣለን። "ድንኳን ውስጥ እሳት ማንደድ አደገኛ መሆኑን አስረጂያት" አለኝ። "ጭሱ ሌሊት እንደሚገድልም ንገሪያት። የጋዝ ምድጃውንም አትርሺ።" እጁን እያወናጨፈ የእሳትን ቅርጽ ያሳያል። ሰልፉ ይጠብቃል። ዝናቡ ይወርዳል።

እኔ ይኼን ሁሉ በምን ቃል ልበለው? ማዳም ስለ እሳት የነገረችኝ "ናር" ስትል ብቻ ነው፣ እሱም ቡናው እንዳይገነፍል። ያለኝን ሰጠኋት። "ናር ላ! ናር መውት!" እሳት አይ፣ እሳት ሞት።

ሴትዮዋ አየችኝ። "ማይ" አለች። ጣቷን ወደ መሬት ቀስራ "ማይ ተሕት" ብላ ደገመች።

ለአለቃዬ "ውሃ አለኝ ነው የምትለው" አልኩት። እሳቱን በውሃ አጠፋዋለሁ ያለች ነበር የመሰለኝ።

"የጋዝ እሳት በውሃ እንደማይጠፋ ንገሪያት" አለኝ።

ነገርኳት! እግሯን በፌስታል ጠቅልላ ጭቃ ውስጥ ለቆመች ሴትዮ የጋዝ እሳት በውሃ እንደማይጠፋ ነገርኳት።

አሁን ሳስበው የሚያናድደኝ ቃሉ እኮ የኛው መሆኑ ነው። ማይ በግዕዝም ውሃ ነው። ታሕትም ታች ነው። ድቁና የጀመረ ልጅ እዚያ መስኮት ላይ ቢቀመጥ "ከታች ውሃ አለ" ብሎ ይተረጉምላት ነበር። እኔ ባለ ስድስት ዓመቷ አልሰማሁም። የቃል እጥረት ነው እንዳልል ቃሉ አለኝ። የኔ ዓረብኛ ትእዛዝ መቀበያ ነው። አምጪ ሲሉኝ አመጣለሁ፣ ሂጂ ሲሉኝ እሄዳለሁ። በዓረብኛ ለምኖኝ የሚያውቅ ሰው ግን እስከዚያ ቀን አልነበረም። እና ስትለምነኝ ጆሮዬ አልተቀበለውም።

ሰልፉ ማጉረምረም ጀመረ። አለቃዬ ሰዓቱን አየ። እኔም ቱግ አልኩ። "ማፊ ኸሸብ! ኸላስ! ሩሂ!"

እንጨት የለም፣ በቃ፣ ሂጂ።

ድምፁ የኔ አልነበረም። ማዳም ናት፣ ራሷ። "ኸላስ" ላይ የምታነሳው ነገር አለ፣ የሚሰብር ዓይነት፣ እሱ እንኳ አልቀረም። እዚያው ክው ብዬ ቀረሁ።

ሴትዮዋም ሳታውቀው አልቀረችም። ብርድ ልብሶቿን ደረቷ ላይ አቅፋ ትንሽ ጎንበስ አለችና በመስኮቱ አየችኝ። እንደሚገባኝ ቀስ ብላ ጠየቀችኝ።

"የት ነው የሠራሽው?"

"ቤይሩት።"

"ስንት ዓመት?"

"ስድስት።"

ራሷን ነቀነቀች። "መስኪኔ" አለች። ሄደች።

ይኼ ትርጉም አያስፈልገውም። ምስኪን! እኔን! እኔ እኮ ደመወዝተኛ ነኝ። አንገቴ ላይ ባጅ አለ። ማታ ሚቲሊኒ ከተማ ገብቼ ሙቅ ውሃ እታጠባለሁ። እሷ ድንኳን ውስጥ ናት፣ ወይራ ሥር፣ በቀይ ማህተም። ማን ነው ማንን ምስኪን የሚለው? ሦስት ቀን በዚህ ተንገበገብኩ። ሳህን ሳጥብ ይመጣብኛል፣ ልተኛ ስል ይመጣብኛል። በልቤ መልስ እየሠራሁ፣ መልሱን ደግሞ በዓረብኛ ማለት እያቃተኝ። ለክፋት የሚሆን ሰዋስው እንኳ አልነበረኝም።

አርብ ቲኬት ለማደል ጀንግል ወጣሁ። በዚያ ሳምንት የደሴቱ ሰው "ደሴቶቻችንን መልሱልን" ብሎ ሱቁን ዘግቶ አደባባይ ወጥቶ ስለነበር ሁላችንም ቀዝቀዝ ብለናል። ከድንኳን ድንኳን እየሄድኩ የሴትዮዋ ጋ ደረስኩ። ከሩቅ አወቀችኝ። "ግቢ" አለችኝ።

ገባሁ፤ ወለሉ እግሬ ሥር ጮኸ። ፓሌት ነው። ያ ካርቶን የሚደረደርበት የእንጨት ርብራብ። አራት ፓሌት ገጥማ፣ ላዩ ላይ ካርቶን ዘርግታ፣ በካርቶኑ ላይ የኛን ብርድ ልብስ አንጥፋለች። ሻይ ቀዳችልኝ። ዝም ስንል ከወለሉ ሥር ውሃ ሲወርድ ይሰማል፣ ልክ እንደ ቦይ። ከተራራው የሚወርደው በሷ ድንኳን ሥር ነው የሚያልፈው።

በጣቷ አንጓ ወለሉን ኳ ኳ አደረገችና "ኸሸብ" አለችኝ። ሕፃን እንደሚያስተምሩት።

እኔም እንደ ሕፃን ደገምኩ። "ኸሸብ።"

ያን ጊዜ ከላይ ጠብታ ሻዬ ውስጥ ወደቀ። ቀና ስል ሸራው የለም። "ሸራውስ?" አልኳት። በበሩ አሳየችኝ። ዝቅ ብሎ አንድ አፍጋናዊ መሬት ቆፍሮ ዳቦ የሚጋግርበት ምድጃ አለ፣ ሸራችን እሱ ላይ ተወጥሮ ይታያል። በፓሌት ለውጣዋለች። ከላይ የሚያፈሰውን በባልዲ ትይዢዋለሽ፣ ከታች የሚመጣውን ግን በምን ትይዢዋለሽ? እንዲህ ነው ያለችኝ፣ ወይም እንዲህ ያለችኝ ይመስለኛል። ከዚያ ማክሰኞ በኋላ ትርጉሜን ብዙም አላምነውም።

ከጀንግል ስመለስ የሆነ ነገር ታወሰኝ። ከመጋዘናችን ጀርባ ባዶ ፓሌት ተከምሯል። እኔ ራሴ ነኝ የምቆጥረው። ብርድ ልብሱ የሚመጣው በፓሌት ነው፣ ባዶው አቅራቢው ከባድ መኪና ይዞ እስኪመጣ እዚያው ይቆለላል። "ማፊ ኸሸብ" ብዬ ስጮህ ኸሸቡ ከጀርባዬ ሃያ እርምጃ ላይ ነበር።

ለአለቃዬ ነገርኩት። ሴትዮዋ የፈለገችው ማገዶ ሳይሆን ወለል መሆኑን ነገርኩት። ጥሩ አድርጎ ሰማኝ። ፓሌት ከምናድላቸው ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ፣ ንብረቱም የአቅራቢው እንደሆነ አስረዳኝ። ግን ኢሜይል እጽፋለሁ አለ። ጻፈም።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ፓሌቱ በየሌሊቱ ይቀንስ ጀመር። ማን እንደወሰደው አላውቅም። የኋላውን በር መቆለፍ የማን ሥራ እንደነበር ግን አውቃለሁ።

ደስ ብሎኝ ነበር፣ እውነት ለመናገር። ደስታው የቆየው እስከ እሑድ ነው። እሑድ የጀንግሉ ገበያ ላይ የኛ ፓሌት በረድፍ ቆሞ ለሽያጭ ቀርቧል። ጉልበት ያላቸው ጎረምሶች ናቸው ሌሊት የተሸከሙት። ልጅ ያዘለችው ሴት እንደበፊቱ ገዝታ ነው የምታገኘው፣ ያውም በወር ከሚሰጣት ጥቂት ዩሮ ላይ ቆርሳ። ሰልፍና ቲኬት ለዚህ ነው ብዬ ልደመድም ስል ደግሞ በሰልፍና በቲኬት ቢሆን ጭራሽ ፓሌት የሚባል ነገር እንደማትነካ ትዝ አለኝ። ሰኞ አዲስ ቁልፍ ተገዛ። ለሁላችንም የማስጠንቀቂያ ኢሜይል መጣ።

የዓረብኛው አስተርጓሚ ድኖ ተመለሰ። ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ልጅ ነው፣ ዓረብኛው ዜና ይመስላል። ታሪኩን ስነግረው ሳቀና "የማታውቂውን ነገር ደግሜ ልጠይቅ ማለት ነበረብሽ" አለኝ። ልክ ነው። ቤይሩት ግን ትእዛዝ ደግሞ የጠየቀ ምን እንደሚገጥመው እሱ አያውቅም።

የወሩን ሪፖርት አየሁት፤ ካርቶን የምቆጥረው እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩን እንዳረጋግጥ ይልኩልኛል። ብርድ ልብስ ይኼን ያህል፣ ሸራ ይኼን ያህል። ታች ላይ ደግሞ አንዲት መስመር አለች። ስለ እሳት አደጋ ለተጠቃሚዎች ግንዛቤ ተሰጥቷል ትላለች። ቁጥሩ ልክ ነው ብዬ መለስኩላቸው።

ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ሴትዮዋን አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ አገኘኋት። ማህተሟ ሰማያዊ ሆኗል። ማታ ወደ አቴንስ ወደብ፣ ወደ ፒሬየስ የሚሄደውን መርከብ ልትይዝ ነው፣ አምስቱም ሻንጣ ላይ ተቀምጠዋል። ባሏን "ታዒ" ብዬ ሰላም አልኩት፣ ለምዶብኛል። ሳቁ። ጉንጬን ሳመችኝ። ፓሌቶቹን ለጎረቤት እንደተወችላቸው ነገረችኝ፣ ይኼን በደንብ ሰማሁት።

ከዚያ ባጄን ያዝ አድርጋ አየችውና "ስንት ይከፍሉሻል?" አለችኝ።

ነገርኳት። ትንሽ ጨምሬም ነበር።

"መስኪኔ" አለች።