ባዶ ቀፎ ስለመክፈት

ሥራን ዛሬ ነገ የምንለው ሰነፎች ስለሆንን ነው ሲባል አልቀበልም። የንብ ቀፎዎቼን ሳልከፍት በከረምኩበት ሰሞን ጎህ ሳይቀድ ተነስቼ እንጀራ እጋግር ነበር፤ ታናሽ ወንድሜን አስጠና ነበር፤ የአጎቴን ሱቅ የዓመት ሒሳብ እስከ መጨረሻዋ ሳንቲም ዘግቼ አስረክቤያለሁ። ሰነፍ ሰው እንዲህ አይውልም። የቀረኝ ሥራ የቀፎ ክዳን ማንሳት ብቻ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ ያለኝ እዚያ ላይ ነው።

የምኖረው ደምበጫ አካባቢ ነው። የተመረቅኩት በአካውንቲንግ ነው። የሚለጠፈው ማስታወቂያ ሁሉ የሥራ ልምድ ሲጠይቀኝ ከሰፈሬ ልጆች ጋር ተደራጅተን በብድር ዘመናዊ ቀፎ ወሰድን። በእኛ አገር ንብ የወንድ ሥራ ነው ሲባል ያደግነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ባህላዊው ቀፎ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ማሩ የሚቆረጠው በሌሊት ነው፣ ሴት ልጅን በጨለማ ዛፍ ላይ ውጪ የሚላት የለም። ሣጥኑ ቀፎ ግን ጓሮ ውስጥ ከመሬት ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። እናቴ ቡና ስታፈላ እኔ እዚያው አጠገቧ እሠራለሁ።

የዚህን ቀፎ መሠረት የጣለው ሎሬንዞ ላንግስትሮዝ የተባለ አሜሪካዊ ቄስ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1852 ነው። የተጠቀመበት ሐሳብ ሲነገር ቀላል ይመስላል። የማር እንጀራው በሚሠራባቸው የእንጨት ክፈፎች፣ ማለትም በፍሬሞቹ፣ እና በሣጥኑ ግድግዳ መካከል ከ6 እስከ 9 ሚሊሜትር የሚሆን መተላለፊያ ሲተውላቸው ንቦች ክፍተቱን በሠምም በሙጫም አይደፍኑትም። ስለዚህ ፍሬሙን መዝዞ፣ አይቶ፣ መልሶ ማስገባት ይቻላል። አያቴ በሚሰቅለው ቀፎ ግን ውስጡን በደንብ ለማየት የማር እንጀራውን መቁረጥ ግድ ነው። ከባህላዊው ቀፎ በዓመት 5 ወይም 6 ኪሎ ቢገኝ ከሣጥኑ 15፣ ሲቀናም 20 ኪሎ የሚጠበቀው ዋናው ምስጢር ይኸው ነው፤ እያዩ፣ ቶሎ እየደረሱ መሥራት ይቻላል። እኔ ብድር የገባሁት ለዚህ ነው።

ችግሩ የመጣው በአንዴ አልነበረም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ማር የምሸጥበት የቴሌግራም ቻናሌ አብሮ ተዘጋ። ደንበኞቼ አዲስ አበባና ባሕር ዳር ነበሩ። ኅዳር ላይ የቆረጥነውን ማር በጀሪካን ሞልተን ብዙ ጠበቅን፤ በመጨረሻም እዚሁ ገበያ ለጠጅ ጣዮች በወረደ ዋጋ ሰጠነው። ስኳር ሲወደድብን ለንቦቹ ክረምት ላይ የምንሰጠውን የስኳር ውሃ ቀንሰን በሶ ጨመርንላቸው። ይህን ሁሉ ቻልኩት። ያማርር ነበር እንጂ ልቤ ሥራውን አልተወም።

በቀጣዩ ክረምት፣ ነሐሴ መግቢያ ላይ፣ ከጓሯችን በታች ያለው ማሳ መድኃኒት ተረጨ። በማግስቱ ጠዋት ከቀፎዎቹ መግቢያ ሥር ያለው መሬት ጠቁሮ ጠበቀኝ። ጎንበስ ብዬ አንዷን አነሳሁ። ክንፏ ተገንጥሎ አይደለም፣ ጉንዳንም አልነካትም፤ ምላሷን ዘርግታ ደርቃለች። ሁለተኛዋም እንደዚያው። መድኃኒት የገደለው ንብ አሟሟቱ ብዙ ጊዜ እንዲህ እንደሚሆን ሥልጠና ላይ ነግረውን ነበር። ጠርጌ ቀበርኳቸው።

ከዚያ ወዲያ ቀፎዎቹን አልከፈትኩም። ምክንያት አላጣሁም። ዝናብ ነው፣ በዝናብ ደግሞ ቀፎ አይከፈትም። ነገ ሚካኤል ነው። ፍልሰታ ትለፍ። ዘመኑ ይለወጥ። እያንዳንዱ ምክንያት ለብቻው ሲታይ እውነት ነው፤ ዛሬ ነገ ማለት አደገኛ የሚሆነው በዚህ ይመስለኛል። ውሸት ቢሆን ኖሮ ሰው ራሱን ቶሎ ይይዝ ነበር።

ጎረቤት ሁሉ አጽናንቶኛል። «ሳይደግስ አይጣላም» ያላሉኝ የሉም። አባባሉን እወደዋለሁ፣ አምነዋለሁም። ነገር ግን ጉዳቱን ገና ላላየ ሰው ከተነገረ ላለማየት መጠጊያ ይሆነዋል። ተስፋ ያለኝ ይመስለኝ ነበር፤ በቀፎዎቹ አጠገብ ባለፍኩ ቁጥር ግን ፊቴን አዞር ነበር። እውነተኛ ተስፋ ያለው ሰው ወደ ነገሩ ይቀርባል እንጂ አይርቅም። ሰው መከራ ሲደርስበት «በጎ በጎውን አስብ» የሚሉት ምክር ላይ ያለኝ ቅሬታም ይኸው ነው፤ በጎው የቱ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያ ክፉውን መቁጠር ያስፈልጋል።

ለዕንቁጣጣሽ አያቴ ሊጠይቀን መጣ። ምሳ በልቶ ጓሮ ወጣና ከቀፎዎቹ ፊት ቆሞ መግቢያቸውን ብቻ ሲያይ ቆየ።

«ከፍተሻቸዋል?» አለኝ።

«አልከፈትኩም አባባ። ብዙ ስለሞተብኝ ባዶ ይሆናሉ ብዬ ነው።»

«ሄዶ ከሆነ ሄዷል ልጄ። አንቺ ክዳኑን ስላላነሳሽ አይመለስም። ካለ ደግሞ ርቦታል። ኩበት አለሽ?»

ሌላ ምክር አልሰጠኝም። ኩበቱን ሰባብሮ ማጨሻው ውስጥ ጨመረና ለኮሰው። እኔ ጓንቴን አጠለቅሁ።

የመጀመሪያው ቀፎ የፈራሁት ነበር። ክዳኑን ሳነሳ የሠምና የሻጋታ ሽታ ወጣ። ፍሬሞቹ እርስ በርሳቸው በነጭ ድር ተያይዘዋል፤ የሰም እራት የሚባለው ቢራቢሮ መሰል ነፍሳት ትል የማር እንጀራውን እየበሳ ከዳር እስከ ዳር ሄዶበታል። የሰም እራት ብርቱ ንብ ያለበት ቀፎ አያሸንፍም፤ የሚያጠቃው የደከመውንና ባዶውን ነው። ነሐሴ ላይ ብከፍተው ቢያንስ ሠሙን አተርፈው ነበር።

ሁለተኛው ላይ ጭሱን ስነፋ ከውስጥ ድምፅ መጣ። ጥቂት ፍሬም ላይ የተሰበሰቡ፣ ቁጥራቸው የሳሳ ንቦች። ንግሥቷን ለማየት ዓይኔ ተቅበዘበዘ፤ አላገኘኋትም። አያቴ ፍሬም ይዞ አያውቅም፤ እኔ ግን ሥልጠና ላይ የተማርኩት ነበረኝ። ፀሐዩን በትከሻዬ በኩል አድርጌ ፍሬሙን አዘንብዬ የቀዳዳዎቹን ወለል አየሁ። መርፌ ዓይን የማትሞላ፣ እንደ ቀጭን ነጭ ክር ቁራጭ ቀጥ ብላ የቆመች እንቁላል። በአጠገቧ ሌላ። የንብ እንቁላል በ3 ቀን ውስጥ ስለሚፈለፈል፣ እንቁላል ካለ ንግሥቷ ባለፉት 3 ቀናት ውስጥ እዚያ ነበረች ማለት ነው። ፈልጎ ማግኘት አያስፈልግም። «አለች!» ብዬ ስጮህ እናቴ ከቤት ሮጣ ወጣች።

እዚያው ቁጭ ብዬ ቀኑን ቆጠርኩ። ሠራተኛ ንብ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ አውጥታ እስክትወጣ 21 ቀን ገደማ ይፈጃል። ከዚያም ሁለት ሦስት ሳምንት እጭ እየመገበች፣ ሠም እየሠራች ቀፎ ውስጥ ትቆያለች፤ መስክ የምትወጣው ከዚያ በኋላ ነው። በመስከረም መጀመሪያ የተጣለ እንቁላል አበባ ለመቅሰም የሚደርሰው ጥቅምት ላይ ነው። ያኔ ኑጉ ያበበ ነው። እኔ ደግሞ «መስቀል ይለፍ» ልል ተዘጋጅቼ ነበር። ያ ደካማ ቀፎ ሳይመገብ መስቀልን ቢያልፍ ኖሮ የኑጉን አበባ የሚቀስም ንብ አይኖረውም።

የቀሩትን ሥራዎች በዚያው ሰሞን ጨረስናቸው። ትል የበላውን እንጀራ አቃጠልን፤ ደህናውን ሠም አቅልጠን አጠለልን። ለደከመው ቀፎ በዝተው የነበሩትን ባዶ ፍሬሞች አወጣሁለትና መግቢያውን አጠበብኩ፤ ጥቂት ንብ ሰፊ ቤት መጠበቅ አይችልም። ለጉንዳኑ በመቆሚያው እግሮች ሥር የተቃጠለ ዘይት በቆርቆሮ አስቀመጥኩ። ባዶውን ሣጥን አያቴ በወይራና በጥንጁት አጥኖ፣ ውስጡን ሠም ቀብቶ፣ የንብ መንጋ ቢያልፍ እንዲገባበት ዛፍ ላይ ሰቀለው።

ኋላ ላይ ይህን ነገር ያጠኑ ሰዎች እንዳሉ አነበብኩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ፉሺያ ሲሮይስና ቲሞቲ ፒቺል እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ሥራን ማዘግየት በዋናነት የጊዜ አያያዝ ችግር ሳይሆን የስሜት ጉዳይ እንደሆነ ይከራከራሉ። ሰው የሚሸሸው ሥራውን ሳይሆን ሥራው የሚያመጣበትን መጥፎ ስሜት ነው፤ ሲያዘገየው ለጊዜው ቀለል ይለዋል፣ ዋጋውን ኋላ ይከፍላል። ጓሮዬን አይተው የጻፉት መሰለኝ። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1999 የጻፈው ነገር አለ፤ «እሠራዋለሁ» ብሎ ከመወሰን ይልቅ «ይህ ሲሆን፣ እዚህ ቦታ፣ ይህን አደርጋለሁ» ብሎ መወሰን ሥራው የመሠራቱን ዕድል ከፍ ያደርገዋል ይላል።

እኔም በቡና አሰርኩት። በፍተሻ ቀን የከሰዓቱ ቡና ቶናው እንደተጠጣ ማጨሻውን እለኩሳለሁ። ጊዜውም ይስማማል፤ የእኛ ንብ ቁጡ ስለሆነች ፀሐይ ሲበርድ፣ ከ10 ሰዓት በኋላ ብትከፈት ይሻላል፣ ብርሃኑም እንቁላል ለማየት ይበቃል። ለራሴ የምነግረው «ቀፎ ፈትሺ» ብዬ አይደለም፤ «ኩበቱን ለኩሺ» ብቻ ነው። ጭሱ አንዴ ከተነሳ ተመልሶ መቀመጥ ይከብዳል። በዓል ከሆነ በዓሉን አከብራለሁ፤ ግን በዚያው ሰዓት የሚቀጥለውን ቀን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፣ ለእናቴም ጮክ ብዬ እነግራታለሁ። እሷ አትረሳም።

ደብተሩ ከሙያዬ የመጣ ነው። ለእያንዳንዱ ቀፎ ገጽ አለው፦ ቀን፣ እንቁላል አለ የለም፣ በንብ የተሸፈነ ፍሬም፣ ማር፣ የተሰጠ ምግብ። ኪሳራም ይገባል፣ በደረሰበት ቀን። የሒሳብ ሰው ኪሳራን የሚመዘግበው ሊያዝንበት አይደለም፤ ሳይመዘገብ የቀረው ያለውን ሀብት ሐሰት ስለሚያደርግበት ነው። በዚያ ነሐሴ ያለኝን አላውቅም ነበር። የጠፋብኝን ብቻ አይደለም፣ የተረፈልኝንም አላውቅም ነበር። አሁን «ይህ ጠፍቷል» ብዬ ስጽፍ እጄ መንቀጥቀጡን አልተወም፤ ግን ከሥሩ የምጽፈው ሌላ መስመር ሁልጊዜ ይኖራል።

መድኃኒቱን የረጨውን ገበሬም አነጋገርኩት። ንብ እንደሚጎዳ ያውቃል፤ ቀፎ እንደያዝን ግን አላሰበበትም። አሁን ከመርጨቱ በፊት በዋዜማው ልጁን ይልክብኛል፣ ራሱም የሚረጨው ንቡ ወደ ቀፎ ከገባ በኋላ አመሻሽ ላይ ነው። ይህን ንግግር ያዘገየሁት ከቀፎው እኩል ነው፤ የፈጀብኝ ግን አንድ ስኒ ቡና የሚጠጣበት ጊዜ ነው።

የደከመው ቀፎ በዚያ ዓመት ማር አልሰጠኝም፤ የሠራውን ለራሱ ተውኩለት። በበጋው ግራዋ ሲያብብ ግን በርትቶ አገኘሁት። አያቴ የሰቀለው ሣጥን ጥቅምት ላይ መንጋ ገባበት፤ አውርደን ጓሮ አስቀመጥነው። ሌላ አንድ ሣጥን እስካሁን ባዶ ነው። ብድሩም አላለቀም፤ የዘንድሮው ኅዳር ማር ጥሩ ከዋለ ግማሹ ይወርዳል። ለአዲሶቹ ፍሬሞች የተዘጋጀ የሠም ወረቀት እዚህ ተወዶብኛል። ፍኖተ ሰላም ወይም ደብረ ማርቆስ በደህና ዋጋ የሚሸጥ የምታውቁ ጠቁሙኝ፤ ከመስከረም በፊት ነው የምፈልገው።